የአእምሮ ሕመም ንድፈ ሐሳቦች

የአእምሮ ሕመም ንድፈ ሐሳቦች የሚባሉት የአእምሮ ሕመም ከምን እንደሚነሣ፣ ምን እንደሚያባብሰውና በምን መንገድ ሊታከም እንደሚችል ለማስረዳት የቀረቡ የአስተሳሰብ ሥርዓቶች ናቸው። ዋና ዋናዎቹ ሥነ ሕይወታዊ፣ ሳይኮአናሊሲሳዊ፣ የባሕርይ፣ የአስተሳሰብ፣ ሰብአዊ፣ እንዲሁም ማኅበራዊና ባህላዊ አቀራረቦች ናቸው። ከ1970ዎቹ ወዲህ እነዚህን ለማስተባበር የሚሞክር ጥምር አቀራረብም ተስፋፍቷል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሕመሙ ምንጭ የት ነው ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በታማሚው ላይ የሚደረገውን ይወስናል። ምንጩ አንጎል ነው ከተባለ መድኃኒት ይታዘዛል፤ የልጅነት ቁስል ነው ከተባለ ረጅም የንግግር ሕክምና ይጀመራል፤ ድህነትና ብቸኝነት ነው ከተባለ የኑሮው ሁኔታ መለወጥ ይኖርበታል፤ መንፈስ ነው ከተባለ ደግሞ ወደ ጠበል ወይም ወደ ባለ ዛር ይኬዳል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2019 በዓለም ላይ ከ8 ሰዎች አንዱ ከአንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም ጋር ይኖር ነበር። ስለዚህ የንድፈ ሐሳብ ምርጫ የብዙ ሰዎችን ሕይወት የሚነካ ጉዳይ ነው።

አቀራረቦቹን ለማነጻጸር እንዲያመች በዚህ ጽሑፍ በአብዛኛው ድባቴ በምሳሌነት ይነሣል። ድባቴ ቢያንስ ለ2 ሳምንታት የሚዘልቅ የሐዘን ስሜት ወይም ቀድሞ ደስ ያሰኝ ለነበረው ነገር ፍላጎት ማጣት ነው። የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ ድካም፣ ራስን መውቀስ፣ ሲበረታም ራስን የማጥፋት ሐሳብ አብረውት ይመጣሉ።

ጥንታዊ አመለካከቶች

በአብዛኛው የዓለም ክፍል የመጀመሪያው ማብራሪያ መንፈሳዊ ነበር። ሕመሙ የአጋንንት ሥራ፣ የፈጣሪ ቅጣት ወይም የሰው ክፋት ውጤት ተደርጎ ይታይ ነበር። ሕክምናውም ጸሎት፣ መሥዋዕት ወይም መንፈሱን ማስወጣት ነበር።

ከዚህ የተለየ መልስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛውና በ4ኛው መቶ ዘመን ከግሪካዊው ሐኪም ሂፖክራተስና ከተከታዮቹ መጣ። በእርሱ ስም ከተላለፉት ጽሑፎች አንዱ የሚጥል በሽታ ከሌሎች በሽታዎች የበለጠ «ቅዱስ» እንዳልሆነና ምንጩ አንጎል እንደሆነ ይከራከራል። በዚህ ትምህርት የሰው ጤና በአራት የሰውነት ፈሳሾች ማለትም በደም፣ በአክታ፣ በቢጫ ሐሞትና በጥቁር ሐሞት ሚዛን ላይ ይመሠረታል። ጥቁር ሐሞት ሲበዛ ሰው ይተክዛል ተብሎ ይታመን ስለነበር «ሜላንኮሊያ» የሚለው የግሪክ ቃል ቀጥተኛ ትርጉሙ ጥቁር ሐሞት ነው። ማብራሪያው ስሕተት ቢሆንም ሕመሙን በሰውነት ውስጥ መፈለግን አስተምሯል። ይህ ሐሳብ በኋላ ኢብን ሲናን በመሳሰሉ የእስላማዊው ዓለም ሐኪሞች በኩል ተጠብቆ ወደ አውሮፓ ተመልሷል።

በአውሮፓ ከተሞች የአእምሮ ሕመምተኞች ለረጅም ዘመን በሰንሰለት ታስረው ይኖሩ ነበር። በፈረንሳይ አብዮት ዘመን በፓሪስ ቢሴትር በተባለው ተቋም ዣን ባቲስት ፑሳን የተባለ የሕሙማን ኃላፊ በ1797 የታማሚዎችን ሰንሰለት አስፈታ። ሐኪሙ ፊሊፕ ፒኔልም ይህንኑ አሠራር በሳልፔትሪየር ቀጠለበት። ፒኔል «የሞራል ሕክምና» በተባለው ዘዴው ታማሚን በአክብሮት መያዝ፣ ማነጋገርና ሥራ መስጠት ራሱ ፈዋሽ ነው ብሎ አስተማረ።

ሥነ ሕይወታዊ አቀራረብ

ይህ አቀራረብ የአእምሮ ሕመም እንደማንኛውም በሽታ በአካል፣ በተለይም በአንጎል፣ በሚደርስ መዛባት ይመጣል ይላል። ምክንያት አድርጎ የሚያያቸው በዘር የሚወረሱ ጂኖችን፣ በነርቭ ሴሎች መካከል መልእክት የሚያደርሱ ኬሚካሎችን፣ ሆርሞኖችን፣ ኢንፌክሽንንና በአንጎል ላይ የሚደርስ ጉዳትን ነው።

ጀርመናዊው ሐኪም ኤሚል ክሬፔሊን በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የታማሚዎችን ታሪክ ለዓመታት እየተከታተለ ሕመሞቹን በአካሄዳቸው መደበ። ዛሬ ስኪዞፍሬንያና ባይፖላር በሚል የሚታወቁት ሁለቱ ከባድ ሕመሞች የተለያዩት በዋናነት በእርሱ ሥራ ነው።

ለአቀራረቡ ትልቁን ድል ያስገኘው ቂጥኝ ነበር። በዚያ ዘመን በአውሮፓ የአእምሮ ሆስፒታሎች ውስጥ ከነበሩት ታማሚዎች ብዙዎቹ ታላቅ ነኝ በሚል ቅዠት ጀምረው ወደ ሽባነትና ወደ ሞት ያመሩ ነበር። በ1913 የቂጥኝ ተሕዋስ በእነዚህ ሰዎች አንጎል ውስጥ በማይክሮስኮፕ ተገኘ። ኦስትሪያዊው ዩሊየስ ቫግነር ያውሬግ በ1917 ታማሚዎቹን ሆን ብሎ በወባ በማስያዝ በትኩሳቱ ሊያክማቸው ሞከረ፤ በ1927ም የኖቤል ሽልማት አገኘ። በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን ሲመጣ ይህ «እብደት» በመርፌ የሚድን በሽታ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሐኪሞች ሌሎቹም የአእምሮ ሕመሞች አንድ ቀን እንዲሁ አንድ ግልጽ መንስኤ ይገኝላቸዋል ብለው ተስፋ አድርገዋል።

መድኃኒቶቹ ግን የተገኙት በአብዛኛው በአጋጣሚ ነው። አውስትራሊያዊው ጆን ኬድ በ1949 ሊቲየም የባይፖላር ታማሚዎችን ከመጠን ያለፈ መነቃቃት እንደሚያበርድ አስታወቀ። በ1952 በፓሪስ ዣን ዴሌና ፒየር ዴኒኬር ክሎርፕሮማዚን ቅዠትንና በሌለ ድምፅ መረበሽን እንደሚቀንስ አሳዩ። በዚያው ዓመት በኒውዮርክ ኢፕሮኒያዚድ የተባለ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የተሰጣቸው ሕመምተኞች ሳንባቸው ሳይድን ስሜታቸው መነቃቃቱ ተስተዋለ። በስዊዘርላንድ ሮላንድ ኩን ለስኪዞፍሬንያ የሞከረው ኢሚፕራሚን ለዚያ ሳይሆን ለድባቴ እንደሚጠቅም በ1957 ዘገበ።

እነዚህ መድኃኒቶች ሴሮቶኒንና ኖርኤፒነፍሪን በተባሉ የአንጎል ኬሚካሎች ላይ ስለሚሠሩ፣ ድባቴ የእነዚህ ኬሚካሎች እጥረት ነው የሚል መላ ምት በ1960ዎቹ ተነሣ። መላ ምቱ ፍሉኦክሰቲንን የመሳሰሉ አዳዲስ መድኃኒቶች ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲሰራጩ በሕዝብ ዘንድ በጣም ታወቀ። ሆኖም መድኃኒቱ ኬሚካሉን በሰዓታት ውስጥ ሲለውጠው የታማሚው ስሜት የሚሻሻለው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው። ስለዚህ «የኬሚካል እጥረት» የሚለው ማብራሪያ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ዛሬ በሰፊው ይታመናል። ራስ ምታትን አስፕሪን ስለሚያስታግሰው ብቻ የራስ ምታት መንስኤ የአስፕሪን እጥረት ነው እንደማይባል ሁሉ፣ መድኃኒት መሥራቱ የሕመሙን መነሻ አያረጋግጥም።

የዘር ድርሻ ከመንታዎች ጥናት ይታወቃል። ከአንድ ዕንቁላል ከተገኙ መንታዎች አንዱ ስኪዞፍሬንያ ካለበት ሌላውም የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው እጅግ ይበልጣል። ቢሆንም በብዙ ጥንዶች ሁለተኛው ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። ፍጹም አንድ ዓይነት ጂን ያላቸው ሰዎች ዕጣ መለያየቱ ከዘር ውጭ ያለ ነገርም ወሳኝ መሆኑን ያሳያል።

አቀራረቡ ጥቁር ገጽም አለው። ፖርቱጋላዊው ኤጋሽ ሞኒሽ በ1935 የጀመረውና የአንጎልን የፊት ክፍል የነርቭ ክሮች የሚቆርጠው ሎቦቶሚ የተባለ ቀዶ ሕክምና በ1949 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ግን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስሜት አልባና ረዳት የሚሹ ሆነው ቀርተዋል። በ1938 በሮም የተጀመረው የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምናም በመጀመሪያ ያለ ማደንዘዣ ይሰጥ ነበር። ዛሬ በማደንዘዣና በጡንቻ ማፍታቻ የሚሰጥ ሲሆን ለከባድ ድባቴ ካሉት ውጤታማ ሕክምናዎች አንዱ ነው።

ሳይኮአናሊሲሳዊ አቀራረብ

የዚህ አቀራረብ መሥራች የቪየናው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ (1856–1939) ነው። ከዮሴፍ ብሮየር ጋር ስለ ሂስቴሪያ በ1895 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አካላዊ ጉዳት ሳይኖር የሚደርስ ሽባነት ወይም የንግግር መቋረጥ ከተዳፈነ ትዝታ ሊመጣ እንደሚችል ገለጸ። በፍሮይድ አስተሳሰብ ሰው ከሚያውቀው የአእምሮው ክፍል በታች እርሱ ራሱ የማያውቀው ሰፊ ክፍል አለ። ለንቃተ ኅሊና የማይመቹ ምኞቶችና ትዝታዎች ወደዚያ ይታፈናሉ፤ ታፍነው ግን አይጠፉም፤ በሕልም፣ በአፍ ወለምታና በሕመም መልክ ይወጣሉ።

ፍሮይድ በ1917 ባሳተመው ጽሑፍ ድባቴን ከሐዘን ጋር አነጻጽሯል። ሐዘንተኛ ያጣውን ሰው ያውቃል፤ ጊዜ ወስዶም ከሐዘኑ ይወጣል። በድባቴ ውስጥ ያለ ሰው ግን ምን እንዳጣ በግልጽ አያውቅም፤ በጠፋው ሰው ላይ የነበረው ያልተነገረ ቁጣም ወደ ራሱ ዞሮ ራስን መውቀስ ይሆናል።

ሕክምናው ታማሚው ወደ አእምሮው የመጣውን ሁሉ ሳይመርጥ እንዲናገር ማድረግ፣ ሕልሙን መተርጐምና ለሐኪሙ የሚያሳየውን ስሜት መመርመር ነው። ብዙ ጊዜ በሳምንት ከሦስት ቀን በላይ ለዓመታት ይቀጥላል። ካርል ዩንግና አልፍሬድ አድለር ከፍሮይድ ተለይተው የራሳቸውን መንገድ ሲያበጁ፣ ጆን ቦልቢ በበኩሉ ሕፃን ከአሳዳጊው ጋር ያለው ቁርኝት ለኋላ ሕይወቱ መሠረት እንደሆነ አስተማረ።

ትችቱ በዋናነት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ብዙዎቹ የፍሮይድ ሐሳቦች በሙከራ ሊረጋገጡም ሊስተባበሉም አይችሉም። ሁለተኛ፣ ጥፋትን በወላጅ ላይ የመጣል ዝንባሌ አስከትሏል። ፍሪዳ ፍሮም ራይክማን በ1948 የስኪዞፍሬንያ መነሻ የእናት አያያዝ ሊሆን እንደሚችል የሚጠቁም አባባል አስተዋወቀች። አባባሉ በማስረጃ ባይደገፍም ለብዙ ዓመታት በልጆቻቸው ሕመም ላይ የጥፋተኝነት ሸክም የተጨመረባቸው እናቶች ጥቂት አልነበሩም።

የባሕርይ አቀራረብ

የባሕርይ ሊቃውንት በዓይን የማይታየውን የአእምሮ ክፍል ትተው የሚታየውንና የሚለካውን ድርጊት ብቻ ለማጥናት ወሰኑ። በእነርሱ እምነት ፍርሃትም ሆነ ሐዘን የተለመደ ነገር ነው፤ የተለመደ ነገር ደግሞ ሊረሳ ይችላል።

መነሻቸው የሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ የውሻ ሙከራዎች ናቸው። አሜሪካዊው ጆን ዋትሰን በ1920 አልበርት በሚል ስም የታወቀን ሕፃን ነጭ አይጥ ባየ ቁጥር ከኋላው ከፍተኛ ድምፅ በማሰማት አይጡን እንዲፈራ አደረገው። ይህ ሙከራ ዛሬ የሥነ ምግባር ጥሰት ተደርጎ ይጠቀሳል። ከአራት ዓመት በኋላ ሜሪ ከቨር ጆንስ ተቃራኒውን አደረገች። ጥንቸል ይፈራ ለነበረው ፒተር ለተባለ ትንሽ ልጅ የሚወደውን ምግብ እያበላች ጥንቸሉን ቀን በቀን በጥቂት በጥቂቱ አቀረበችለት። በመጨረሻ ልጁ ጥንቸሉን በእጁ ይዳብስ ጀመር። ደቡብ አፍሪካዊው ጆሴፍ ዎልፔ በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን መንገድ ለአዋቂዎች በደረጃ አደራጀው፤ ታማሚው ሰውነቱን ዘና ማድረግ ከተማረ በኋላ የሚፈራውን ነገር ከቀላሉ ጀምሮ ወደ ከባዱ ይጋፈጣል። ይህ ዘዴ ለፎቢያ እስካሁን ከሁሉ የተሻለ ውጤት ከሚሰጡት አንዱ ነው።

ስለ ድባቴ ደግሞ ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር በ1967 ያሳተሙት ጥናት ታዋቂ ነው። ሊያመልጡት በማይችሉት የኤሌክትሪክ ንዝረት የቆዩ ውሾች በኋላ ማምለጫ ሲከፈትላቸው እንኳ ብዙዎቹ ተኝተው ቀሩ። ተመራማሪዎቹ ከልምድ የመጣ ይህ ተስፋ መቁረጥ የድባቴ አምሳያ ሊሆን ይችላል ብለው አሰቡ። ከዚህ አቀራረብ የወጣው ሕክምና ታማሚው ስሜቱ እስኪመለስ ሳይጠብቅ በዕለት ፕሮግራም ወደ ሥራ፣ ወደ እግር ጉዞና ወደ ሰው እንዲመለስ ያደርገዋል። የአቀራረቡ ድክመት የሰውን ሐሳብና ትርጉም ወደ ጎን መተዉ ነው።

የአስተሳሰብ አቀራረብ

አሜሪካዊው አሮን ቤክ (1921–2021) በሳይኮአናሊሲስ የሠለጠነ ሐኪም ነበር። የፍሮይድን የድባቴ ማብራሪያ በምርምር ለማረጋገጥ ፈልጎ የታማሚዎችን ሕልም መረመረ። ወደ ውስጥ የዞረ ቁጣ አገኛለሁ ብሎ ሲጠብቅ ያገኘው በአብዛኛው የማጣትና የመሸነፍ ሕልም ሆነ። ከዚህ ተነሥቶ በ1960ዎቹ በድባቴ ውስጥ ያለ ሰው ስለ ራሱ፣ ስለ ዓለምና ስለ መጪው ጊዜ የጨለመ ሐሳብ በራሱ ጊዜ እንደሚመላለስበት አስተማረ። ከእርሱ ቀደም ሲል በ1950ዎቹ አልበርት ኤሊስ ሰውን የሚያውከው ድርጊቱ ሳይሆን ለድርጊቱ የሚሰጠው ትርጉም ነው የሚል ተመሳሳይ መንገድ ጀምሮ ነበር።

ለምሳሌ አንድ ጓደኛ በመንገድ ላይ ሰላም ሳይል ቢያልፍ፣ አንዱ ሰው «አላየኝም» ብሎ ይቀጥላል፤ በድባቴ ውስጥ ያለው ግን «ንቆኛል፤ ማንም አይወደኝም» ብሎ ቀኑን ሙሉ ይተክዛል። በሕክምናው ታማሚው እንዲህ ያለውን ሐሳብ በጽሑፍ ይመዘግባል፤ ማስረጃው ምንድን ነው፣ ሌላ ማብራሪያ የለውም ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያም በተግባር ይፈትነዋል። ይህ ከባሕርይ ሕክምና ጋር ተዋሕዶ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ተብሏል። ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ ውስጥ የሚያልቅና በሙከራ ብዙ የተፈተነ የንግግር ሕክምና ነው። ተቺዎች ግን የጨለመ ሐሳብ የድባቴ መንስኤ ነው ወይስ ውጤቱ ብለው ይጠይቃሉ። ሥራ አጥቶ ልጆቹን መመገብ ያልቻለ ሰው «ኑሮዬ ከብዷል» ቢል ሐሳቡ የተዛባ ነው ማለትም አይቻልም።

ሰብአዊ አቀራረብ

በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አብርሃም ማስሎ፣ ካርል ሮጀርስና ሌሎች ሰውን የልጅነቱ እስረኛ ወይም የልማድ ማሽን አድርጎ የሚያየውን አመለካከት ተቃወሙ። ሮጀርስ ታማሚውን «ደንበኛ» ብሎ በመጥራት ፈውሱ የሚመጣው ከሐኪሙ ዕውቀት ይልቅ ከግንኙነቱ ጥራት ነው አለ። ለዚህም የሚያዳምጠው ሰው ቅን፣ የሌላውን ስሜት የሚረዳና ሳይፈርድ የሚቀበል መሆን አለበት። ከናዚ ማጎሪያ ካምፖች የተረፈው ኦስትሪያዊው ቪክቶር ፍራንክል ደግሞ ሰው በመከራ ውስጥ እንኳ ለሕይወቱ ትርጉም ሲያገኝ እንደሚጸና አስተማረ።

አቀራረቡ ለከባድ ሕመሞች ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ይታወቃል። ሆኖም በታማሚና በአካሚ መካከል ያለው መተማመን የሕክምናን ውጤት አስቀድመው ከሚጠቁሙ ነገሮች አንዱ መሆኑን በልዩ ልዩ የንግግር ሕክምናዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል።

ማኅበራዊና ባህላዊ አቀራረብ

ይህ አቀራረብ ዓይኑን ከግለሰቡ ወደሚኖርበት ኅብረተሰብ ያዞራል። ጆርጅ ብራውንና ቲሪል ሃሪስ በደቡብ ለንደን ካምበርዌል ሴቶችን አጥንተው በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ ድባቴ ብዙ ጊዜ ከከባድ የኑሮ ክስተት በኋላ እንደሚመጣ አሳዩ። ከዚህ ዓይነት ክስተት በኋላ ይበልጥ የሚጎዱትም ምሥጢር የሚካፈላቸው ሰው የሌላቸው፣ ከ14 ዓመት በታች የሆኑ ሦስትና ከዚያ በላይ ልጆች በቤት ያሏቸው፣ ከቤት ውጭ ሥራ የሌላቸውና ከ11 ዓመታቸው በፊት እናታቸውን ያጡ ሴቶች ነበሩ።

አንዳንዶች ከዚህም ርቀው ሄደዋል። ቶማስ ሳስ በ1961 የአእምሮ ሕመም የሚባለው የኑሮ ችግር እንጂ በሽታ አይደለም ሲል ጻፈ። በጣሊያን ፍራንኮ ባዛሊያ የመራው እንቅስቃሴ የአእምሮ ሆስፒታሎችን ቀስ በቀስ የሚዘጋ ሕግ በ1978 እንዲወጣ አድርጓል። የሕመም ወሰን ከዘመን ጋር እንደሚለወጥ የሚያሳይ ምሳሌም አለ፤ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ግብረ ሰዶማዊነትን ከሕመሞች ዝርዝር ያወጣው በ1973 ነው።

ባህል የሕመሙን መልክና ስም ይወስናል። በዚህ ረገድ በዓለም የሥነ ጽሑፍ መዝገብ ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች አንዱ ኢትዮጵያዊ ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 በጎንደር የዛርን ሥርዓት ቀርቦ አጥንቷል። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ሳይመን ሜሲንግ ደግሞ በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ የዛርን ስብሰባ እንደ ቡድን ሕክምና ገልጾታል። በሥርዓቱ ዛር የያዘው ሰው፣ ብዙ ጊዜ ሴት፣ በከበሮ፣ በዘፈንና በቡና መካከል በመንፈሱ አንደበት ትናገራለች፤ የምትሻውንም ትጠይቃለች። በዕለት ኑሮዋ በራሷ ስም ብትጠይቅ የማይሰማት ባልና ቤተሰብ የዛሩን ጥያቄ ይፈጽማል። ዛር በአብዛኛው አይወጣም፤ ይለመናል፣ ይታረቃል። የአሜሪካው የአእምሮ ሕመሞች መለያ መጽሐፍ በ1994 በወጣው አራተኛ እትሙ በባህል የተወሰኑ ሁኔታዎችን ሲዘረዝር ዛርን አካትቷል። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያንን ያከሙ ሐኪሞችም በ1990ዎቹ ይህ ሁኔታ ሳይኮሲስ ነው ወይስ ባህላዊ የመከራ መግለጫ በሚል ተከራክረዋል። ጥያቄው በተግባር ከባድ ነው፤ ዛርን ሁሉ እንደ እብደት ያየ ሐኪም ጤነኛን ሰው ለዓመታት መድኃኒት ሊያስውጥ ይችላል፤ ስኪዞፍሬንያን ሁሉ እንደ ዛር ያየ ቤተሰብ ደግሞ ታማሚውን ያለ መድኃኒት ለዓመታት ሊያቆይ ይችላል።

ጥምር አቀራረብ

አሜሪካዊው ሐኪም ጆርጅ ኤንግል በ1977 ሕመምን በአካል ብቻ የሚያየውን ሕክምና ተችቶ ሥነ ሕይወታዊ፣ ሥነ ልቦናዊና ማኅበራዊ ምክንያቶችን በአንድነት የሚያይ አምሳያ አቀረበ። ከዚህ ጋር የሚሄደው ሌላ ሐሳብ ተጋላጭነትና ጫና የሚባለው ነው። ሰው ሁሉ ከዘር፣ ከማህፀን ወይም ከልጅነት የመጣ የተለያየ ተጋላጭነት አለው፤ ሕመሙ የሚነሣው ጫናው ከዚያ ሰው አቅም ሲያልፍ ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ ከሁለት መንታዎች አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ ሆኖ መቅረቱ እንግዳ ነገር አይሆንም።

በአሁኑ ዘመን አሠራር ለቀላል ድባቴ በአብዛኛው የንግግር ሕክምና ይመረጣል፤ ለከባዱ መድኃኒትና ንግግር በአንድነት ይሰጣሉ። ለስኪዞፍሬንያና ለባይፖላር መድኃኒት መሠረት ሲሆን፣ ቤተሰብን ማስተማርና ታማሚውን ወደ ሥራ መመለስ ይጨመርበታል። ተቺዎች ጥምር አቀራረብ ሁሉንም እያቀፈ የትኛው ምክንያት በየትኛው ታማሚ ላይ እንደሚያይል አይናገርም ይላሉ።

አቀራረቦቹን በጥቂት ወጪ ካዋሐዱት ምሳሌዎች አንዱ የዚምባብዌው «የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር» ነው። የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ በ2000ዎቹ አጋማሽ በሐራሬ የጀመረው ሲሆን፣ ሥልጠና የወሰዱ አያቶች በጤና ጣቢያ ግቢ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቁ ሰዎችን ያዳምጣሉ፤ ችግራቸውን ለይተው አንድ በአንድ እንዲፈቱም ያግዛሉ። በሐራሬ 24 ጤና ጣቢያዎች የተካሄደና በ2016 የታተመ ጥናት፣ ይህን አገልግሎት ያገኙ ሰዎች ከ6 ወር በኋላ የተለመደውን እንክብካቤ ካገኙት ያነሰ የሕመም ምልክት እንደነበራቸው አሳይቷል። ዘዴው ከአስተሳሰብና ከባሕርይ ሕክምና ችግር መፍታትን፣ ከሰብአዊው ማዳመጥን፣ ከባህሉም የአያትን ክብር ወስዷል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ መንፈሳዊው ማብራሪያ ዛሬም ጠንካራ ነው። ሕመሙ በቡዳ፣ በዛር፣ በመተት ወይም በርኩስ መንፈስ እንደሚመጣ የሚያምኑ ብዙ ሰዎች መጀመሪያ ወደ ጠበል፣ ወደ ሸኽ ወይም ወደ ባህል ሐኪም ይሄዳሉ። ድባቴ ያለበት ሰውም ሐዘኑን በቃል ከመናገር ይልቅ ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ያፍነኛል፣ ሰውነቴ ዝሏል ማለቱ የተለመደ ነው። ይህን የማያውቅ ሐኪም ሕመሙን የጨጓራ ወይም የልብ ብቻ አድርጎ ሊያየው ይችላል።

ዘመናዊው ሕክምና ለብዙ አሥርት ዓመታት በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ላይ የተመሠረተ ነበር። በ2003 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም በ2012 ወጥቶ አገልግሎቱ በጤና ጣቢያ ደረጃ እንዲሰጥ አቅዷል። በጉራጌ አካባቢ በሶዶ ወረዳ የጤና ጣቢያ ሠራተኞችን በማሠልጠን ይህ በተግባር ተሞክሯል።

በቡታጅራ አካባቢ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ከ68,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ የማኅበረሰብ ጥናት ከተገኙት የስኪዞፍሬንያ ታማሚዎች አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው እንደማያውቁ አሳይቷል። ከእነዚህ ታማሚዎች መድኃኒት የጀመሩት ለምን እንደሚያቋርጡ በዚያው አካባቢ በተጠየቀ ጊዜ ከተነሡት ምክንያቶች አንዱ የምግብ እጥረት ነበር። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎትን ስለሚጨምር፣ በቤቱ በቂ እህል የሌለው ሰው ረሃቡን ከመቻል መድኃኒቱን መተው ይመርጣል።

ይህ ግኝት የንድፈ ሐሳቦቹን ግንኙነት በግልጽ ያሳያል። ለአንጎል የተሠራው መድኃኒት ሥራውን ቢሠራም ቤቱ ውስጥ እንጀራ ከሌለ ሳይዋጥ ይቀራል። ቤተሰቡ የሕመሙ ምንጭ መንፈስ ነው ብሎ ካመነና ጠበልና ክኒን አብረው አይሄዱም ከተባለም እንዲሁ። በዚህ የተነሣ ከሃይማኖት አባቶችና ከባህል ሐኪሞች ጋር የሚመክር፣ ታማሚው ጸሎቱን ሳይተው መድኃኒቱን እንዲወስድ የሚያደርግና የኑሮውንም ችግር የሚጠይቅ አገልግሎት በአገሪቱ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ዘንድ ተፈላጊ ሆኗል።